የግራ እጅ ክር

እናቴ ግራኝ ናት። በልጅነቷ ግራ እጇን በመቀነት እያሰሩ በቀኝ መብላት አስለምደዋታል። ስለዚህ በቀኟ ትጎርሳለች፣ በቀኟ ታማትባለች፣ ሰውም የምትጨብጠው በቀኟ ነው። እንዝርት ስታነሳ ግን «እጄ ወደ ቤቱ ይመለሳል» ትላለች። በቀኟ ባዘቶውን ወደ ላይ እየሳበች፣ በግራ መዳፏ እንዝርቱን በግራ ጭኗ ላይ ታሾረዋለች። እንዝርቱም ከሌሎች ሴቶች እንዝርት በተቃራኒ ይዞራል። ለማያውቅ ሰው ክር ክር ነው። ፈትላ ለምታውቅ ሴት ግን የእናቴ ክር በጣት እንደተዳሰሰ ይታወቃል።

ይህን ያስቀደምኩት በቤታችን ተሸፍኖ የቆየው ነገር የተገለጠው በዚህ ክር ስለሆነ ነው።

ቤታችን ጉለሌ ነው፤ ወደ ቁስቋም ከሚያወጣው መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ። አባቴ ሸማኔ ነበር። ወንድሜም ከእሱ ተምሮ ሸማኔ ሆነ። በእኛ ሰፈር ሸማኔ ክር አይፈትልም። ባለቤቲቱ ራሷ ፈትላ፣ በልቃቂት ጠቅልላ ታመጣለች፤ እሱ ሸምኖ ጋቢውን ወይም ነጠላውን ያስረክባታል። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ክር ለመፍተል አንዲት ሴት ክረምቱን ሙሉ ትቀመጣለች። አባቴ ለወንድሜ «ክር ስትረከብ የሰው ክረምት ነው የተረከብከው» ይለው ነበር።

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና እቤት ቀረሁ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። እንግዳ ሲመጣ ከእናቴ ጀርባ ተቀምጬ ከጥጡ ፍሬውን እለቅማለሁ። ወንድሜ «ይህቺ ልጅ አፏን ለፋሲካ ነው የምታስቀምጠው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ጠላት በገባ ዓመት ሳይሞላው፣ ከተማው በተቃጠለበት በዚያ በየካቲት፣ አባቴ የታዘዘ ጋቢ ሊያደርስ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ከቀጨኔ በኩል ጭስ ሲነሳና ጩኸቱ ወደ እኛ ሲቀርብ እናቴ ወንድሜን ክንዱን ይዛ ወደ ሽመናው ጎተተችው። ሸማኔ የሚሠራው መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ነው። ጉድጓዱ ጠባብ ነው። ወንድሜ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱም ረጅም ነው። ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ ተጣጥፎ ገባ። እናቴ በላዩ ሳንቃ፣ በሳንቃው ላይ የጥጥ ጆንያ አደረገች። ራሷም ጆንያው ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን አነሳች።

ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ሁለት ሰዎች በሩን በርግደው ገቡ። ቤቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እናቴን አዩ። እሷ ቀና አላለችም። እንዝርቱ ይዞራል። ወጡ። እናቴ ግን እስከ ማግስቱ ከጆንያው ላይ አልተነሳችም። የአባቴን ሬሳ እንኳ አላገኘንም።

ከዚያ በኋላ ነው ወንድሜ አረቄ የጀመረው። መጀመሪያ ጠዋት ወደ ጉድጓዱ ከመግባቱ በፊት አንድ መለኪያ ነበር። ቀጥሎ ከወጣ በኋላም ሆነ። ኋላ መግባቱን ራሱ ተወው። እኛ ስንፍና መስሎን ነበር። ሰክሮም ቢሆን ሰው ማሳቁን አይተውም። የጎረቤታችንን ውሻ ቆቡን አውልቆ «እንደምን ዋሉ ጌታዬ፣ ወረቀትዎን ያሳዩኝ» ይለዋል፤ የጣሊያን ዘበኞች መንገድ ላይ ሰውን እንደሚሉት ማለቱ ነው። ሰፈሩ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። እናቴ ትስቅና ወዲያው ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች።

ከዚያ የሰው ክር ይጠፋ ጀመር። አረቄ የምትሸጠው ሴትዮ በገንዘብ ፈንታ ክር ትቀበለው ነበር። መጀመሪያ የጠፋው ለአንዲት ጎረቤታችን ነጠላ የመጣ ነው። እናቴ ባዶውን ቁና አየች፤ ወንድሜን አየች። በማግስቱ ጥጥ አምጥታ በሩን ዘግታ መፍተል ጀመረች። እኔ እያባዘትኩ እሷ ፈትላ፣ የጠፋውን ያህል ተካች። ወንድሜ አፈረና በአራት ቀን ሸምኖ አወጣው። ጎረቤታችን ነጠላዋን ለብሳ መርቃን ሄደች።

እንዲህ ሦስት ጊዜ ሆነ። ደንበኛ ሲመጣ እናቴ «ልጄን ወገቡን አሞት ነው፣ ትንሽ ይታገሱኝ» ትላለች። ወደ እኔ ዞረው «አይሻለውም?» ሲሉኝ አንገቴን እደፋለሁ። ለዝምተኛ ሰው ውሸት ቀላል ነው፤ አንገት መድፋት ይበቃዋል።

በጥቅምት አንዲት አሮጊት ከቁስቋም ወርደው ክር አመጡ። እማማ ነው የምንላቸው። እናቴ ጋቢው ለማን እንደሆነ ስትጠይቃቸው በሩን ዞር ብለው አዩና «ብርድ ላገኘው ሰው» አሉ። ገባን። የቀራቸው አንድ ልጅ ጫካ ገብቷል። እንዲህ ያለውን ያኔ ስም ጠርቶ የሚናገር አልነበረም።

«ከሌላ ክር እንዳይቀላቀልብኝ፣ አደራ» አሉ። «ዓይኔ ባያየው እጄ ያግኘው።»

ኅዳር አጋማሽ ላይ ያም ክር ጠፋ።

እናቴ ያን ቀን ቁናውን ታቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ጥጥ አመጣች። አርባ ቀን ያህል ፈተለች። ነቢያትን እየጾመች፣ ጣቷ እስኪሰነጠቅ። ወንድሜም እንደ ልማዱ አፈረ፤ ጠዋት ከአንድ መለኪያ በላይ ሳይጠጣ ተቀመጠና እንዲያ ያለ ጋቢ ሠራ፤ አባቴ ቢያየው ደስ ይለው ነበር።

እማማ በጥምቀት ሰሞን መጡ። ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ዳሰሱት። «እጁ ይባረክ» አሉ። ከዚያ ከዳሩ ላይ አንድ ክር መዘው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል ያሾሩት ጀመር። ሴት ክር ሲላላባት እንዲህ አሹራ ነው የምታከረው። ክሩ ግን በመክረር ፈንታ ተፈታታና በጣታቸው ላይ ጥጥ ሆኖ ቀረ። ሌላ መዘዙ። እሱም ተፈታ።

«ልጄ፣ ይህን ማን ፈተለው?»

«እርስዎ ነዎታ፣ እማማ።»

«እኔ በቀኜ ነው የምፈትለው።»

እናቴ ግራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። እንደ ልጅ ስትደብቀው አየኋት። እማማ ቁጣ የለባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

«ልጅሽ ክሬን ወስዶታል» አሉ። «እሺ፣ እሱን አረቄ ይዞታል። አንቺን ምን ያዘሽ?»

«አፍሬ ነው፣ እማማ። አፍሬ ነው።»

«አንቺ ስታፍሪለት እሱ መቼ ይፈር?»

እማማ ጋቢውን አጥፈው መደቡ ላይ አስቀመጡት። «ጥሩ ጋቢ ነው፤ የኔ ግን አይደለም። ያልኩት እጄ ያግኘው ነው፤ ውሸት አልልክለትም» ብለው ምርኩዛቸውን አንስተው ወጡ። ዳገቱን ሲወጡ ከበሩ ሆነን አየናቸው። ብዙ ቦታ ላይ ቆመው አረፉ።

እናቴ ለሦስት ቀን እንዝርት አልነካችም። በአራተኛው ቀን የንስሐ አባቷን አስጠራች። እሳቸውም ነገሩን ሰምተው «ላውግዘው፤ አረቄ እንዳይቀምስ በግዝት ልሰረው» አሏት።

«አይሆንም አባቴ» አለች። እናቴ ቄስ ፊት እምቢ ስትል ሰምቼ አላውቅም። «ዛሬ ቢገዝቱት ነገ ሰክሮ ያፈርሰዋል። ግዝት ካፈረሰ ደግሞ ከእግዚአብሔርም ይሸሻል። የሚሸሽ ከሆነ ከእኔ ብቻ ይሽሽ።»

አባ መስቀላቸውን ወደ ጉያቸው መለሱ። ከዚያ «ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት።

«ያልሠራሁትን ልሥራ እንጂ።»

ወንድሜ በማግስቱ ረፋዱ ላይ መጣ። ፊቱን ወንዝ ታጥቦ፣ ሳይጠጣ ነበር። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። እንዲቀመጥ በእጇ አሳየችው።

«ፍርድ ቤት ነው እንዴ?» አለ እየሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ «ይህቺ ደግሞ ጸሐፊዋ ናት? ተጠንቀቂ፣ ስሜን አሳምረሽ ጻፊ።»

እኔ አልሳቅኩም። እናቴም አልሳቀችም።

«ከዛሬ ጀምሮ የሰው ክር እዚህ ቤት አይገባም» አለችው። «የጠፋውንም አልፈትልም። አንድ ክንድ እንኳ አልፈትልም። ወገቡን አሞታል ብዬ አልዋሽም። እማማ ዘንድ ሄደህ ወስጃለሁ በላቸው፤ እኔ አልሄድልህም።»

«እሺ እማዬ፣ ሌላስ?»

«ጠጥተህ ስትመጣ ይህን ደፍ አታልፍም። ማድቤቱ ክፍት ነው። ጋቢውም እዚያ አለ፣ እማማ የተዉት። ራትህን አወጣልሃለሁ። ሳትጠጣ ስትመጣ ቤቱ ቤትህ ነው፤ መደቡም መደብህ ነው።»

«አባረርኩህ በይኛ።»

«ሂድ አላልኩህም። ከአፌ ወጥቷል?»

ወንድሜ ሳቁ ጠፋ። ከዚያ የተናገረውን እናቴ የረሳችው አይመስለኝም። «ያን ቀን ከአባቴ ጋር በተውሽኝ። ምን ብለሽ ነው ጉድጓድ የከተትሽኝ?»

እናቴ ተነስታ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ያዘች፤ በግራዋ።

«ያን ቀን ላይህ ላይ ተቀምጬ አተረፍኩህ» አለችው። «ዛሬም ቢሆን እቀመጣለሁ። ግን ሰዎቹ ከወጡ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፣ እኔ ገና ከላይህ አልተነሳሁም። መተንፈሻ አሳጣሁህ መሰለኝ። ልነሳልህ ነው ልጄ። ከዚህ በኋላ መውጣቱ የራስህ ነው።»

ወንድሜ እጁን ቀስ ብሎ አስለቅቆ ወጣ። ኮቱን እንኳ አልወሰደም።

ያን ሰሞን እናቴ ጎረቤት «ልጅሽ የት ሄደ?» ሲላት «ይጠጣል። እስኪተው ውጭ ነው» ትል ጀመር። በመጀመሪያ ቀን ድምጿ ተሰብሮ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስለ ዝናብ እንደምታወራ ሆነ። እኔም አንዴ ውሃ ስቀዳ አንዲት ሴትዮ «ወንድምሽን ወገቡን ተሻለው?» አለችኝ። አንገቴን ልደፋ ስል «ወገቡን አልነበረም» አልኩ። እንስራዬን አዝዬ፣ ወደ ኋላዬ ሳላይ ቤት ገባሁ።

ሰክሮ የመጣ ዕለት ዝናብ ነበር፤ የበልግ ዝናብ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ። በሩ ላይ ቆሞ ይዘፍናል። እናቴ ሽሮውን በጣባ፣ እንጀራውን በላዩ አድርጋ ወጣችና ማድቤት አስቀመጠችለት። ገብታ በሩን ዘጋች። እሱ መዝፈኑን ትቶ «እማ፣ በረደኝ» አለ። እኔ የበሩን መቀርቀሪያ ለመሳብ እጄን ዘረጋሁ። እናቴ እጄን ይዛ ደረቷ ላይ አደረገችው። ልቧ እንደኔው ይመታል። «ጋቢ አለው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጋቢ አለው፣ ጣራ አለው፣ እሳት አለው። እኛን ነው የበረደን።» እንዲህ ተያይዘን ቆምን፤ የማድቤቱ በር ሲጢጥ ሲል እስክንሰማ።

እኔ ዘንድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ቅዳሴ ሄዳለች። በአጥሩ ቀዳዳ ጠራኝ።

«አንቺ ዝምተኛ። ነይ እስቲ።»

ሄድኩ። ፊቱ አባብጧል። ፂሙ አድጓል።

«የአባባን መወርወሪያ አቀብዪኝ። ግድግዳው ላይ የተሰካችውን።»

አባቴ ማጉን በድሩ መሀል የሚወረውርባት የወይራ እንጨት ናት። ከእጁ ብዛት እንደ መስታወት ታበራለች። ከአባቴ የቀረን እሷ ናት።

«ለምን?» አልኩ።

«ልሠራባት ነዋ። ቀጨኔ አንድ ሰው ዘንድ ሥራ አግኝቻለሁ።» ይህን ሲል ዓይኑ ወደ ወንዙ ነበር።

እድሜዬን ሙሉ ወንድሜ ያለኝን አድርጌያለሁ። ሲጠፋ ደብቄለታለሁ፣ ሲጠየቅ አንገቴን ደፍቼለታለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ወንዙን በጀርባው ያሻግረኝ ነበር። መወርወሪያዋ ከቆምኩበት አሥር እርምጃ አይሆንም።

«እምቢ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

ድምፄ አልወጣም ነበርና ደገምኩት። «እምቢ አልኩ፣ ጋሼ።»

መጀመሪያ የሚቆጣ መሰለኝ። ከዚያ ግንባሩን አጥሩ ላይ አድርጎ ሳቀ፤ እንደ ድሮው ሳቁ ነው። «ድምፅ አለሽ እንዴ! ሃያ ዓመት ሊሞላሽ ምን ቀረሽ፣ ለእኔው ታወጪው?» ሳቁ ቀስ በቀስ ወደ ልቅሶ ሄደ። እኔም አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። ጣቱን በቀዳዳው አሳልፎ ጣቴን ነካኝ። ከዚያ «እኔ እዚያ ጉድጓድ መግባት አልችልም» አለኝ።

«ምን?»

«እግሬን ስሰድ የዚያን ቀን ትንፋሼ ይመጣብኛል። ካልጠጣሁ አልችልም። ስጠጣ ደግሞ እጄ አይታዘዝም። ለእማዬ እንዴት ልበላት? እሷ ያዳነችኝ እዚያ ነው።»

ይህን ለሁለት ዓመት ይዞት ኖሯል። ሁላችንም ከዚያ ጉድጓድ አጠገብ እየበላን፣ እየተኛን።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነገርኳት። እድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም። ነጠላዋን ሳታወልቅ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጭ ብላ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ከዚያ ቁናውን አንስታ ወጣች። ከወንዙ ዳር አፈር አመጣች። እኔም ሌላ ቁና ያዝኩ። ያን ቀንና በማግስቱ ስንመላለስ ጉድጓዱን ሞላነው፤ እናቴ በባዶ እግሯ ረገጠችው፣ በእበት ለቀለቀችው።

ደፉን በተመለከተ ግን አንድም ነገር አልለወጠችም። «አሳዘነኝ ማለትና ክር መተካት ለየብቻ ነው» አለችኝ።

ወንድሜ ዓቢይ ጾም ሲጋመስ ሳይጠጣ መጣ። ገብቶ የተደፈነውን መሬት አየ። በእግሩ ጣት ነካ አደረገው። ወጥቶ ዶማ አነሳና ከጣራው ጠርዝ ሥር፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ ወንዙም መንገዱም የሚታይበት ቦታ ላይ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ሲጨርስ ፊቱን ታጥቦ ወደ ቁስቋም ወጣ። እናቴ አልላከችውም። እኔም አልተከተልኩትም።

እማማ ምን እንዳሉት ሁሉንም አልነገረንም። ደጃቸው ላይ ቆሞ ነገራቸው፤ እሳቸውም ብዙ አቆሙት። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጠርተው አንዲት ልቃቂት ክር ሰጡት። ለጋቢ ቀርቶ ለመቀነትም የማትበቃ ናት። «ይህችን ሳምንት አስቀምጠህ መልስልኝ» አሉት። «አትሥራት። መልሳት ብቻ።»

ሳምንቱን በሙሉ ልቃቂቷን ጉያው ይዟት ዞረ። እናቴ አንድም ጊዜ አልጠየቀችውም። እኔ እንድጠይቀው ስጠቅሳት ራሷን ነቀነቀችብኝ። በስምንተኛው ቀን ወደ ላይ ሄዶ መለሰላቸው። ሁለት ሰጡት። እንዲህ እየሆነ፣ ክረምት ሳይገባ ለጋቢው የሚበቃ ክር በእጁ ገባ። ሠራው። እማማ መጥተው ከዳሩ ክር መዘው አሾሩ። ከረረ። ከዚያ ጋቢውን አጣጥፈው ፊታቸውን ከተቱበት።

ወንድሜ ጨርሶ ተወ ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። ወር ይቆያል፣ ሁለት ወር ይቆያል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይጠፋል። የሰው ክር ግን ከዚያ ወዲህ አልጠፋም፤ መጠጣት ያማረው ቀን ልቃቂቱን ለባለቤቲቱ መልሶ ነው የሚሄደው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠጥቶ መጣ። እናቴ ገና በሩን ልትዘጋ ሳትነሳ፣ እሱ ራሱ ከደፉ ወዲያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ዛሬ አልገባም እማዬ» አለ። «ዛሬ እንግዳ ነኝ። ከጣሊያን ወረቀት የለኝም።»

እናቴ ሳቀች፤ ነጠላዋንም አፏ ላይ አልያዘችም። ራቱን ማድቤት ልታስቀምጥለት ትሪውን ይዛ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ትሪውን ደፉ ላይ አኖረችውና ከውስጥ በኩል መሬት ላይ ቁጭ አለች። እሱ ድንጋዩን ስቦ ከውጭ ቀረበ። ሲቆርስ ወጡ ከጣቶቹ መሀል ይፈስበታል። እናቴ ጠቅልላ በግራ እጇ አጎረሰችው። እኔም እንጀራ ጨምሬ ሄድኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።